ጥያቄና መልስ፦ ኤችአይቪ በሥራ ቦታ ቀጣሪውን ምን አገባው?

ሲስተር (የፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ)፦ ጠይቁ። የማንንም ሠራተኛ ነገር እዚህ ቻት ላይ እንዳታነሱ።

ሄኖክ፦ የኤችአይቪ መድኃኒቱን መንግሥት በነጻ ይሰጣል። ድርጅቱ እዚህ ውስጥ ገብቶ ምን ያተርፋል?

ሲስተር፦ ነጻ በመሆኑ ነው የረከሰላችሁ። አንግሎ አሜሪካን የተባለው የማዕድን ኩባንያ በ2002 እ.ኤ.አ. ለደቡብ አፍሪካ ሠራተኞቹ መድኃኒቱን በራሱ ወጪ ማቅረብ ጀምሯል። ከእናንተ የሚፈለገው ሰዓት ብቻ ነው። መድኃኒት ያቋረጠ ይታመማል፤ የሕመም ፈቃዱ አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለት ወር በግማሽ፣ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። በላዩ ምትኩን ማሠልጠን አለ። ለቀጠሮ በየጥቂት ወሩ ግማሽ ቀን መፍቀድ ይሻላችኋል።

ጌታሁን፦ አዲስ ተቀጣሪ እናስመርምር?

ሲስተር፦ አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪ ከሚጠይቀው የጤና ምርመራ ኤችአይቪን ለይቶ አውጥቶታል።

ፋሲካ፦ የሕክምና ማስረጃ የሚገባው ለሰው ኃይል ነው። ምስጢር እንዴት ይጠበቃል?

ሲስተር፦ ሁሉም የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። የበሽታው ስም ባይጻፍም ማህተሙ «ኤአርቲ ክሊኒክ» (የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት) ካለ ተነቧል፤ ከሰዓት በፊት ካፍቴሪያ ይደርሳል። ማስረጃው በታሸገ ፖስታ ለክሊኒኩ ይግባ። ክሊኒኩ ለሰው ኃይል «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ፈቃድ» ብሎ ብቻ ይጻፍ። ካርዱ ከግል ማኅደር ተለይቶ ይቆለፍ፤ ቁልፉ ጸሐፊዋም ጋ ካለ አልተቆለፈም። የቀጠሮ ቅጹ ለስኳርም ለደም ግፊትም አንድ ይሁን። «የኤችአይቪ ፈቃድ» የሚል ቅጽ ብታወጡ ማንም አይሞላውም።

ታደሰ፦ ታዲያ የኤድስ ፈንዱ፣ ቫይረሱ ላለባቸው ሠራተኞች መደገፊያ የተያዘው ገንዘብ፣ ያለ ስም ለማን ይከፈላል?

ፋሲካ፦ በኮድ ነዋ።

ታደሰ፦ ኦዲተር ኮድ ይቀበላል? ፈንዱ እንደሆነ የኅዳር 22 (የዓለም ኤድስ ቀን) ቲሸርት ማሳተሚያ ሆኗል።

ፋሲካ፦ ኮሚቴውን የመረጣችሁት እናንተ!

ሲስተር፦ የሂሳቡን ክርክር ሌላ ቦታ። ቀጣይ።

ሰላም፦ ኮንዶም አስቀምጠን የሚወስድ ጠፋ።

ሲስተር፦ ሣጥኑ ጥበቃው ፊት ነዋ። መጸዳጃ ቤት አስገቡት። ክምችቱን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታድርጉ፤ ሙቀት ላስቲኩን ያበላሸዋል።

ሄኖክ፦ ቆሻሻ የሚያነሳ ሠራተኛ መርፌ ቢወጋውስ?

ሲስተር፦ በውሃና በሳሙና ይታጠብ። አይጨመቅ፣ በረኪና አይነካው። ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ፤ ኤችአይቪ እንዳይዘው የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። የሚወሰደው 28 ቀን ነው። ሌሊት ፈረቃ ላይ ከሆነ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ መኪና ይመደብለት።

ጌታሁን፦ ወጥ ቤት የምትሠራስ? እኛ ጋ ያለችው ከስታ ሰዉ እያወራ ነው። እሷ እንኳ ትመርመር?

ሲስተር፦ አይቻልም አልኩ እኮ! በሹሮ አይተላለፍም። ወጥ ሠሪያችሁ አንዲት ብቻ ከሆነች ደግሞ ስሟን ተናግረሃል። የጻፍከውን አጥፋው፣ አሁኑኑ።