ጊታር፣ ኪሮሽና የማይለቅ ሕመም

ጥያቄ፦ ፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን የሚያም፣ የሚያደክምም ሥር የሰደደ ሕመም) አለብኝ። ጊታር መማር ከጀመርኩ 4 ወር ሆነኝ፤ ኪሮሽ እሠራለሁ፣ ሥዕልም እሞክራለሁ። ደህና በሆንኩበት ቀን ሁሉንም ስነካካ 3 ሰዓት ይሄዳል። ከዚያ 2 ቀን አልጋ ላይ ነኝ። ቤተሰቦቼ «አንዱን ምረጪ» ይሉኛል። የቱን ልተው?

መልስ፦ አንዱንም አይተዉ። መቅረት ያለበት ደህና ቀን ሲመጣ ያመለጠውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማካካስ መሮጥ ነው። ሥር የሰደደ ሕመም (ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚነሳ ማለት ነው) ክፋቱ ዘግይቶ መቀስቀሱ ነው። ማክሰኞ የተጫወቱት ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይነሳብዎታል፤ እርስዎ ግን ሐሙስ ዕለት የሚወቅሱት ብርዱን ወይም እንቅልፍዎን ነው። ስለዚህ ማቆሚያዎን ሕመሙ ሳይሆን ሰዓቱ ይንገርዎት።

ለአንድ ሳምንት ጊታሩን ባነሱ ቁጥር ሕመሙ በግልጽ እስኪጨምር ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ይጻፉ። እስኪጨምር ነው ያልነው፣ የማይቻል እስኪሆን አይደለም። ደህና ቀንም መጥፎ ቀንም ይግባበት። ለምሳሌ 14፣ 22፣ 9፣ 18 እና 12 ደቂቃ ቢመዘገብ አማካዩ 15 ነው። ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛውን ይቀንሱ፤ 12 ደቂቃ ይቀራል። መነሻዎ እሱ ነው። የስልኩን ማንቂያ ከ12 ደቂቃ በኋላ እንዲጮህ ይሙሉና ሲጮህ ጊታሩን ያስቀምጡ፤ ዘፈኑ መሃል ላይ ቢሆንም፣ ምንም ባያምዎትም። አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ «ዛሬኮ ደህና ነኝ» ይልና 40 ደቂቃ ይቀመጣል።

በመጥፎ ቀን ደግሞ ጨርሶ አይተዉት፤ ግማሹን፣ 6 ደቂቃ ይጫወቱ። 2 ሳምንት ያለ ግርሻ ካለፈ 10 በመቶ ያህል ይጨምሩ፤ ከ12 ወደ 13 መሆኑ ነው። አዎ፣ የኤሊ ጉዞ ነው። ጨምረው ሕመሙ ከተነሳ ቀድሞ ወደነበረው ቁጥር ይመለሱ እንጂ ከዜሮ አይጀምሩ። ማስታገሻ ከዋጡ በኋላ «አሁን አያመኝም» ብሎ ሰዓቱን ማራዘምም አይሠራም፤ መድኃኒቱ ስሜቱን ያደበዝዛል እንጂ የጡንቻዎን አቅም አይጨምርም።

ወደ ሦስቱ ሙያዎች እንምጣ። ለእርስዎ ሦስት ናቸው፣ ለአውራ ጣትዎ ግን አንድ ናቸው። ጊታር የግራ አውራ ጣትን አንገቱ ላይ ያስጨንቃል፣ ኪሮሽ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መቆንጠጥ ነው፣ እርሳስም እንደዚያው። ከጊታር ተነስተው ኪሮሽ ይዘው «እያረፍኩ ነው» ቢሉ እጅዎ አላረፈም። ስልክ በአውራ ጣት መግፋትም ከሂሳቡ ውስጥ ይገባል፤ ብዙዎች የሚረሱት እሱን ነው። ስለዚህ ሥራዎቹን በስማቸው ሳይሆን በሚያደክሙት የአካል ክፍል ይደልድሏቸው፤ ጠዋት ጊታር፣ ማታ ኪሮሽ፣ ሥዕል በማግስቱ። በመሃል ጆሮና ዓይን ብቻ የሚፈልገውን ያስገቡ፤ የሚማሩትን ዘፈን እያዳመጡ የኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ለውጡን መቁጠር፣ ቀለም መምረጥ፣ ምቱን በእግር መምታት።

መሣሪያውንም ያቅልሉት። ቀጭኑን የኪሮሽ መርፌ ስፖንጅ ጠቅልለው ያወፍሩት፤ እጀታ ሲወፍር ጣት አጥብቆ መጨበጥ አይፈልግም። ለሥዕል ከጠንካራው 2ኤች ይልቅ ለስላሳውን 4ቢ ወይም 6ቢ እርሳስ ይያዙ፤ ለስላሳው እርሳስ ሳይጫኑት ይጠቁራል። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አያንጥፉት፤ ሰሌዳ ላይ አድርገው ያዘንብሉት፣ አንገትዎ እንዳይጎብጥ። የሜክሲኮዋ ሠዓሊ ፍሪዳ ካህሎ እ.ኤ.አ. በ1925 ከደረሰባት የአውቶቡስ አደጋ በኋላ አልጋ ላይ ተኝታ የሣለችው ለዚያ ተብሎ በተሠራላት ማቆሚያ ነው።

ጥያቄ፦ የጣት መገጣጠሚያ ሕመም አለብኝ። የጊታር አስተማሪዬ «ሁሉም ጀማሪ ያመዋል፣ ይለቅሃል» ይለኛል። የትኛው ሕመም የሚለቅ፣ የትኛው የማይለቅ እንደሆነ በምን ልለይ?

መልስ፦ አስተማሪው ስለ ጣት ጫፍ ቆዳ ከሆነ የተናገረው ልክ ነው። ያ ሕመም ክሩ በነካው ቦታ ላይ ብቻ ይቆያል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይበርዳል፣ ቆዳው ሲጠነክር በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። በአውራ ጣት ሥር፣ በእጅ አንጓ ወይም በጣት አንጓዎች ውስጥ የሚሰማው ግን ሌላ ነው፤ እሱን «ይለመዳል» ብለው አይለፉት። አውራ፣ ሌባና የመሃል ጣት ሌሊት ከደነዘዙ፣ ዕቃ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ፣ መገጣጠሚያው ካበጠና ከጋለ ልምምዱን አቁመው ሐኪም ይዩ።

የቀረው የጊታሩ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ መቀነስ ይቻላል። የብረት ክር ከሆነና የመጀመሪያው (ቀጭኑ) ክር ባለ 12 ከሆነ (ውፍረቱ በኢንች ሺህኛ ነው የሚቆጠረው) በባለ 10 ያስቀይሩት፤ በዚያ ክር ላይ ውጥረቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ክር መግዛት ካልፈለጉ ሁሉንም በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይቃኙ፤ ውጥረቱ 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ በሙሉ ድምፅ ከሆነ 20 በመቶ ገደማ። ከዚያ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንገቱ ላይ ተጭኖ የሚይዝ መቆንጠጫ) 2ኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጦ ያለው የብረት መስመር) ላይ ቢያስሩ ሙሉ ድምፅ ያወረዱት ጊታር ወደ መደበኛው ቅኝት ይመለሳል፣ ከሌሎች ጋርም ያጫውታል፤ ፍሬቶቹም ስለሚጠባበቡ ጣት ብዙ አይዘረጋም። ችግሩ፣ ክር ሲላላ የጊታሩ አንገት ቀጥ ይልና ክሩ ፍሬት እየነካ ይንዘረዘር ይሆናል። ክሩ ተበላሸ ብለው አይጣሉት፤ ጠጋኝ የአንገቱን ብረት ትንሽ ቢያላላው ይስተካከላል።

የክሩን ከፍታም ይለኩ። 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ወፍራሙ ክር ሥር በማስመሪያ ይለካል። ባለ ብረት ክር ጊታር ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ጀማሪ ሳይሆን ባለሙያም ይደክመዋል፤ ወደ 2.5 ገደማ ያስወርዱት። የናይለን ክር ለጣት ይለሰልሳል፣ ከፍታው ግን በተፈጥሮው ይበልጣል፤ በ3 ሚሊ ሜትር አይፍረዱበት። የናይለን ጊታር ላይ ደግሞ የብረት ክር በጭራሽ አይወጥሩ፣ ድልድዩ (ክሮቹ ሣጥኑ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ሊነቀል ይችላል።

ከዚያ እጅዎን ይፈትኑ። አንድ ክር ከፍሬቱ አጠገብ ይያዙ፣ እየመቱ ጣትዎን ቀስ በቀስ ያላሉ፤ መንዘርዘር ሲጀምር ከዚያ ጥቂት ብቻ ይጨምሩ። የሚያስፈልገው ኃይል ያ ነው፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ጭንቀት ነው። በሁለት ፍሬቶች መሃል ላይ ከያዙ ግን ብዙ መጫን ግድ ይሆናል። ተቀምጠውም ቢሆን ማንገቻ ያድርጉ፤ የጊታሩን አንገት የሚሸከመው ግራ እጅዎ መሆን የለበትም። በአንድ ጣት ሁሉንም ክር የሚይዙትን ኮርዶች ለጊዜው ይዝለሏቸው፤ ቀጫጭኖቹን 3 ወይም 4 ክሮች ብቻ መያዝ ለብዙ ዘፈን ይበቃል።

ጥያቄ፦ የወገብ ሕመም አለብኝ፣ ኪቦርድ እማራለሁ። አንዳንድ ሳምንት መቀመጥ ስለማልችል የተማርኩት ሁሉ የሚጠፋብኝ ይመስለኛል። ተኝቼ የማደርገው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፣ የሚናቅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በአልቫሮ ፓስኳል ሊዮኔና ባልደረቦቹ የታተመ ጥናት ላይ ሰዎች የ5 ጣት የፒያኖ ልምምድ በቀን 2 ሰዓት ለ5 ቀን በአእምሮ ብቻ ሲለማመዱ፣ እጅን የሚያዘው የአንጎል ክፍል በእጃቸው እንደተለማመዱት ሁሉ ተለውጧል። አጨዋወታቸው በእጅ ከተለማመዱት ቢያንስም፣ አንድ ጊዜ በእጃቸው ሲሠሩ ልዩነቱን አጥብበዋል።

እርስዎ 2 ሰዓት አያስፈልግዎትም፤ ሐሳብን መሰብሰብም ያደክማል፣ በተለይ የሚያፈዝ መድኃኒት ካለ። 5 ደቂቃ ይበቃል። ከሙዚቃው 2 ባር (በኖታው ላይ በቋሚ መስመር የሚለያዩ ክፍሎች) ብቻ ይውሰዱ። ዓይንዎን ጨፍነው ድምፁን ይስሙ፣ እያንዳንዱን ኖታ የቱ ጣት እንደሚመታው በልብዎ ይናገሩ፣ ከሚጫወቱበት ፍጥነት በግማሽ። የቱ ጣት እንደሆነ የጠፋብዎት ቦታ ላይ ይቁሙ፤ በእጅዎም የሚሳሳቱት እዚያው ነው። ያንን ብቻ 3 ጊዜ ይድገሙና ይተዉት።

መቀመጥ ሲችሉ ወንበሩን ክርንዎ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ወይም በትንሹ ከፍ እስኪል ያስተካክሉ። እግርዎ መሬት ካልደረሰ ሥሩ ነገር ያስገቡ፤ የተንጠለጠለ እግር ወገብን ይጎትታል። በየ8 ደቂቃው ይነሱ። ኪቦርድዎ የንክኪ ማስተካከያ ካለው «ቀላል» የሚለውን ይምረጡ፤ ትከሻዎ ሳይጫን ድምፁ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የሙዚቃ ትምህርቴ በሳምንት 1 ሰዓት ነው፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ እጄ ይዝላል። ለመምህሬ ምን ልበላት?

መልስ፦ «ያመኛል» ብቻ አይበሏት፤ ምን ማድረግ እንዳለባት አይነግራትም። «በአንድ ጊዜ 10 ደቂቃ እጫወታለሁ፣ በመሃል 10 ደቂቃ ማረፍ አለብኝ» ይበሏት። በዕረፍቱ ኖታ ማንበብ፣ ድምፅ መለየት፣ እሷ ስትጫወት ጣቷን ማየት ይቻላል። ከተስማማች ሰዓቱን በሳምንት 2 ጊዜ 30 ደቂቃ ያድርጉት። አንድ ነገር አስቀድመው ይስማሙ፦ ማንቂያው ሲጮህ «አንዴ ብቻ ድገሚው» የሚባል ነገር እንዳይኖር።