እናትሽ ጥልፍ ጠላፊ መሆኗን ለምን መጨረሻ መስመር ላይ ጻፍሽው?

እንደምን አለሽ እህቴ? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎቹ አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። ጎንደር ሕክምና ትማሪያለሽ፣ ሲ-ዋን (ሆስፒታል ውስጥ መማር የሚጀመርበት የመጀመሪያው ዓመት) ነሽ። ከሰው አካል የወጣ ጉበት ማሽን ላይ ሆኖ፣ ሞቆ፣ ደም እየዞረበት ሐሞት ሲያመነጭ የሚያሳይ ቪዲዮ ካየሽ ወዲህ ሌላ ነገር አላስተኛሽም። የደም ስር ቀዶ ሕክምናና ለንቅለ ተከላ የሚወጣ አካል ሳይበላሽ የሚቆይበትን መንገድ መመራመር ትፈልጊያለሽ። የዶርም ልጆች "ለዲያሊሲስ (ለኩላሊት እጥበት) ወረፋ በሚጠበቅበት አገር አንቺ ጉበት ማሽን ላይ ልታስቀምጪ ነው?" ብለው ሳቁብሽ። ዋሽንግተን ያለው አጎትሽ "ጊዜሽን አታባክኚ፣ ከአሁኑ ዩኤስኤምኤልኢ አንብቢና ውጪ" (የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ነው) ይልሻል። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ይቅርታ የምትጠይቂ ይመስል፣ "እናቴ ጥልፍ እየጠለፈች ነው ያሳደገችኝ፣ በቤታችን ሐኪም የለም፣ ከየት ልጀምር?" ብለሻል።

መልሱን አላቆይብሽ። ግቢበት። ፍላጎትሽ የቪዲዮ ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስት ገጽ ጥያቄ አትጽፊም ነበር። የምትገቢበትን በር ግን እንቀይረው። አንቺ ከማሽኑ መጀመር ነው የፈለግሽው፣ እኔ ከመርፌና ከክር ጀምሪ እልሻለሁ።

ከእናትሽ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ከተማ ውስጥ በጩቤ ተወጋ። ጩቤው ወደ ጉበት ደም የሚያደርሰውን ትልቁን ደም ስር አገኘው። በዚያን ጊዜ የተቆረጠ ትልቅ ደም ስር አስተማማኝ አድርጎ የሚሰፋ ሐኪም አልነበረም። ቢሰፉትም ያፈስሳል፣ ወይ ደም ይረጋበትና ይደፈናል። ሰውየው ሞተ። ያኔ ገና 20 ዓመቱ የነበረ አሌክሲስ ካሬል የሚባል የሕክምና ተማሪ ነገሩ ከነከነው። ሊዮን የሐር ከተማ ናት። ካሬል ማዳም ለሩዲዬ የምትባል ስመ ጥር ጥልፍ ጠላፊ ዘንድ ሄዶ በቀጭን መርፌና በሐር ክር መስፋትን ተማረ። በ1902 የደም ስር አሰፋፉን አሳተመ፣ በ1912 ኖቤል ተሸለመ። እና አንቺ የእናትሽን ሙያ ደብዳቤው ግርጌ ደበቅሽው!

አሰፋፉን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አንዴ ከገባሽ አይረሳሽም። የተቆረጠ ደም ስር አፉ ክብ ነው፣ ግድግዳው ደግሞ እንደ እርጥብ ወረቀት ልፍስፍስ ይላል። ዙሪያውን ስትሰፊ መርፌው የማዶውን ግድግዳ አብሮ ይይዘዋል፣ በቃ፣ ቀዳዳው ተዘጋ። ካሬል በእኩል ርቀት ሦስት ቦታ ላይ ክር አሰረና ሦስቱንም ወደ ውጭ ወጠራቸው። ክቡ አፍ ሦስት ማዕዘን ሆነ። ከዚያ በኋላ የሚሰፋው ቀጥ ያለ ጠርዝ ነው። ክሩንም ቫዝሊን ይቀባው ነበር። እናትሽ ሸማውን ወጥራ ይዛ በቀሚሱ ደረት ላይ ስትወርድ ጣቶቿን ተመልከቺ፤ ውጥረቱን በየትኛው ጣት እንደምትይዝ፣ መርፌውን እንዴት እንደምትስበው።

ይሄ ስፌት ባይኖር ንቅለ ተከላ የሚባል ነገር የለም። ኩላሊት ሲተከል በዋናነት አርተሪው (ደም ከልብ የሚያመጣው) ከአርተሪ፣ ቬኑ (ደም ወደ ልብ የሚመልሰው) ከቬን፣ የሽንት ቱቦው ከፊኛ ጋር ይሰፋል። ጆሴፍ መሪ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ቦስተን ላይ ከመንታ ወንድም ወደ መንታ ወንድም ኩላሊት አዛውሮ ሲሳካለት፣ ስፌቱ ከተገኘ ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፎት ነበር።

አንድ ቀን አንድ ወዳጄ፣ ሲኒየር ቀዶ ሐኪም ነው፣ ሬዚደንቶቹን (ስፔሻሊቲ የሚማሩትን ሐኪሞች) ቅዳሜ ጠዋት ሲያለማምድ አብሬ ተቀምጫለሁ። ጠረጴዛው ላይ ከገበያ የተገዛ የዶሮ ጭን ነበር። ጡንቻውን ከፈት ሲያደርጉት ነጣ ያለች ቀጭን አርተሪ ትታያለች። ክሩ ስምንት ዜሮ ነው፣ ከፀጉር የቀጠነ። ሬዚደንቱ ትንፋሹን ይዞ ሰፋ፣ ቆረጠ፣ እንደገና ሰፋ። ሲጨርስ ወዳጄ ቀይ ቀለም ያለበት ውሃ በሲሪንጅ ገፋበት። ከሦስት ቦታ አፈሰሰ። "ቁረጠውና እንደገና" አለው። ልጁ እስከ ምሳ ሰዓት አምስቴ ሰፋው። በአምስተኛው ውሃው በአንደኛው ጫፍ ገብቶ በሌላኛው ብቻ ወጣ፣ ልጁም ያኔ ነው ወንበሩን ያገኘው፤ ለካ ሙሉ ጠዋቱን ቆሞ ነበር።

አንቺም ይሄን መጀመር ትችያለሽ። ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር የለውም። ጊዜው ያለፈበት ክር ካለ የኦአር (የቀዶ ሕክምና ክፍል) ነርሷን በትህትና ጠይቂያት።

አሁን ወደምትወጂው እንምጣ። አካል ከሰው ሲወጣ ለምን ይበላሻል? ሴል በሩ ላይ ፓምፕ አለው፤ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ እየገፋ ይኖራል። ደም ሲቋረጥ ኃይል ያልቅበታል፣ ፓምፑ ይቆማል፣ ሶዲየም ይገባል፣ ውሃ ይከተለዋል፣ ሴሉ ያብጣል። ማቀዝቀዝ የኃይል ፍጆታውን ይቀንስለታል፤ ግን ብርዱ ራሱ ፓምፑን ያዳክመዋል። ለዚህ ነው ጄፍሪ ኮሊንስ በ1969 የሴሉን ውስጥ የሚመስል፣ ፖታሲየሙ የበዛ ፈሳሽ ያዘጋጀው። ኩላሊትን በዚያ አጥቦ በረዶ ላይ በማስቀመጥ ብቻ ከአንድ ቀን በላይ አቆየው። በ1980ዎቹ ደግሞ ቤልዘርና ሳውዛርድ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ላይ ውሃን ከሴሉ ውጭ የሚይዙ ትላልቅ ሞለኪውሎች፣ ላክቶባዮኔትና ራፊኖዝ፣ ጨመሩበት። ዛሬም በረዶ ሳጥን ውስጥ ልብ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ጉበት ከ8 እስከ 12፣ ኩላሊት ከ24 እስከ 36 ሰዓት ነው በተለምዶ የሚሰጠው።

ጉዳቱ ግን እዚያ አያልቅም። ደም የተቋረጠበት አካል የባሰ የሚጎዳው ደሙ ሲመለስለት ነው። ኦክስጅን ባጣበት ጊዜ ሰክሲኔት የሚባል ነገር ይከማቻል፤ ኦክስጅን ድንገት ሲመጣ ያ ክምችት በአንዴ ይቃጠልና ሴሉን የሚያበላሹ ነገሮች ይፈጥራል። ይህን "ሪፐርፊዩዥን" (የደም መመለስ) የሚለውን ቃል ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ያየሽው ማሽን ከኦክስፎርድ ከሆነ ጉበቱን በሰውነት ሙቀት፣ ደም እያዞረ የሚያቆየው ነው። በ2018 የወጣው ጥናታቸው 220 ንቅለ ተከላዎችን አነጻጽሮ ማሽኑ ላይ በቆዩት ጉበቶች ላይ በኢንዛይም የሚለካው ጉዳት በግማሽ ቀንሶ አግኝቷል፣ በዚያ ላይ የቆዩበት ጊዜ 54 በመቶ ረዝሞ ነበር። ዙሪክ ላይ ደግሞ ሦስት ቀን ማሽን ላይ የቆየ ጉበት ለሰው ተተክሎ ሠርቷል። የኦክስፎርዱን ማሽን የፈጠሩት አንድ ቀዶ ሐኪምና አንድ ኢንጂነር ናቸው፣ ፒተር ፍሬንድና ኮንስታንቲን ኩሲዮስ። ስለዚህ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የሚማር ጎበዝ ልጅ ካወቅሽ ሻይ ጋብዢው። ከምሬ ነው።

ወደ ጓደኞችሽ ሳቅ ልምጣ። ከያዙት ነገር ግማሹ እውነት ነው። እዚህ አገር በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ሰጪዎቹ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ነበሩ። እንዲህ ሲሆን ኩላሊቱ ከሰጪው ወጥቶ ወዲያው ለተቀባዩ ይገባል፣ በረዶ ላይ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ "አካልን ለ24 ሰዓት ማቆየት" የሚል ርዕስ ይዘሽ አማካሪ ፍለጋ ብትወጪ ማንም አይዝልሽም።

ግን ድንገተኛ ክፍል ቆመሽ ታውቂያለሽ አይደል? ከገጠር የመጣ ሰው፣ ጥይት ወይም መኪና ጉልበቱን ያገኘው፣ አርተሪው የተበጠሰ። በቃሬዛ ወረደ፣ ጤና ጣቢያ ደረሰ፣ ሬፈር ተጻፈለት፣ አምቡላንስ ተጠበቀ። እግሩ ቀዝቅዟል፣ ነጥቷል፣ ጣቱን ስትነኪው አይሰማውም። ያ እግር ደም የተቋረጠበት አካል ነው። እንደ ኩላሊቱና እንደ ጉበቱ ሰዓት ይቆጥርበታል፤ እግር በተለምዶ 6 ሰዓት ይባላል። አርተሪው ተሰፍቶ ደሙ ሲመለስ ጡንቻው ያብጣል፣ ፖታሲየም ወደ ልብ ይሄዳል፣ ኩላሊት ሊደክም ይችላል። ሪፐርፊዩዥን ያልኩሽ ይሄ ነው! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተቆረጠ አርተሪ በአብዛኛው ይታሰር ስለነበር ከታሰሩት እግርና እጆች ግማሽ ያህሉ ይቆረጡ ነበር። በኮሪያ ጦርነት መስፋት ሲለመድ ቁጥሩ ወደ 13 በመቶ ወረደ። ጎንደር ላይ ስንት ነው? ከጉዳቱ እስከ ኦአር ስንት ሰዓት ይፈጃል? ከስንተኛው ሰዓት በኋላ የመጣው እግር ነው የማይድነው? ይሄን ለመጠየቅ የኦክስፎርድ ማሽን አያስፈልግሽም። ካርድ ክፍል፣ አንድ ደግ ሲኒየር፣ የኢቲክስ ፈቃድና ብዙ ትዕግሥት ነው።

ሌላው ዲያሊሲስ ክፍል ነው። ፊስቱላ ስልሽ የእናቶቹን ማለቴ አይደለም፣ የክንዱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ ብሬሺያና ሲሚኖ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ዘዴ ነው፤ የእጅ አንጓ ላይ አርተሪን ከቬን ጋር መስፋት። ቬኑ በሳምንታት ውስጥ ይወፍራል፣ ለዲያሊሲስ መርፌ ይመቻል። አንድ በሽተኛ ፈቃድ ጠይቀሽ ክንዱ ላይ እጅሽን አሳርፊ። እንደ ንብ ቀፎ ይነዝራል። ያ የሌለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ላይ ካቴተር (ደም ስር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) ይዞ ይኖራል፣ ኢንፌክሽኑም ብዙ ነው። ስንቱ ሰው በካቴተር ጀመረ፣ ስንቱ ፊስቱላ ተሠራለት፣ ከተሠራለት ውስጥ የስንቱ ዳበረ? ይሄ ለመጀመሪያ ጥናት በልክሽ የተሰፋ ርዕስ ነው። የእግሩንና የፊስቱላውን ርዕስ አወዳድሪና አንዱን ብቻ ምረጪ። እኔ ብሆን ፊስቱላውን አስቀድማለሁ፣ የሚከታተሉት በሽተኞች በሳምንት ሁለት ሦስቴ ራሳቸው ስለሚመጡ መረጃው አይጠፋብሽም።

አጎትሽን አልነቅፈውም፣ ካለበት ሆኖ ለአንቺ አስቦ ነው። መንገዱን ግን ሙሉውን ይንገርሽ። አሜሪካ ከፈተናዎቹ በኋላ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና 5 ዓመት ነው፣ ንቅለ ተከላ ከዚያ በላይ 2 ዓመት። በቀጥታ የሚገባበት የደም ስር ቀዶ ሕክምናም 5 ዓመት ነው፣ ቦታው ደግሞ ጥቂት ነው። ከ2022 ጀምሮ የስቴፕ ዋን (የዩኤስኤምኤልኢ የመጀመሪያው ክፍል) ውጤት በቁጥር መስጠት ቀርቷል፣ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር የሚመጣን ሰው ከሚለዩት ነገሮች መካከል የሠራው ጥናትና ስለ እሱ የሚጻፈው ደብዳቤ ይገኙበታል። የጠቆምኩሽ ሥራ እዚህ ብትቀሪም ብትወጪም ያገለግልሻል።

ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ሐኪም የመጀመሪያውን የውጭ ማስተርስ ዕድል ሲያገኝ "ሂድ፣ አትጠይቅ" ብዬዋለሁ። ሄደ። ምን መጠየቅ እንደሚፈልግ ሳያውቅ ስለሄደ የሰው ጥያቄ ሲሠራ ሁለት ዓመት አለፈው፣ ተመልሶ ሲመጣም እጁ ከቀዶ ሕክምና ርቆ ነበር። ምክሩ የእኔ ነው፣ አሁንም ይቆጨኛል። አንቺን በዚያ መንገድ አልሰድሽም።

የዚህ ሴሚስተር ሥራሽ ይሄው ነው። ከቀዶ ሕክምና ሲኒየሮች ውስጥ ራውንድ (የበሽተኞች ጉብኝት) ላይ ተማሪ የማያዋርድ፣ ቀደም ብሎም ጥናት ያሳተመ አንድ ሰው ለይተሽ ያዢ። "ምርምር መሥራት እፈልጋለሁ" ብለሽ አትሂጂበት፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። በአንድ ገጽ ጥያቄሽን፣ የምታዪውን የካርድ ብዛትና ማን ምን እንደሚሠራ ጽፈሽ ሂጂ። ስታቲስቲክስ ከአሁኑ ተማሪ፤ በኋላ ለሰው ከፍለሽ ብታሠሪው ዲፌንስ ላይ (ጥናትሽን ቆመሽ ስታስረጂ) ትጋለጫለሽ። "በሁለት ሳምንት እናትምልሻለን" እያሉ ብር የሚጠይቁ ጆርናሎች ኢሜይል ይልኩልሻል፣ መልስ አትስጪ። ስፔሻሊቲ ስትመርጪ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ይሁን፣ የደም ስሩም የንቅለ ተከላውም መግቢያ እሱ ነው። ዴርማቶሎጂ የሚሉሽን ተያቸው፣ ጥሩ ሙያ ነው፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ግን አንድም ቦታ ስለ ቆዳ አልጻፍሽም።

ገጹን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ በቀይ እስክሪብቶ አነበዋለሁ። ለእረፍት ቤት ስትገቢ ደግሞ እናትሽ አጠገብ ተቀምጠሽ አንድ መስመር ጥልፍ አብረሻት ጥለፊ። ክሩ ሳይሸበሸብ ውጥረቱን እንዴት እንደምትይዘው ጠይቂያትና ጻፊልኝ፣ ለዚያ ቅዳሜ ለሚያስተምረው ወዳጄ እነግረዋለሁ።