ችግኙ ከተተከለ በኋላስ? የእንጦጦ ጫካ በጎ ፈቃደኞች ጥያቄና መልስ

እንጦጦ ላይ ችግኝ የሚንከባከቡ፣ የእግር መንገድ የሚጠግኑና እንግዳ ይዘው የሚዞሩ በጎ ፈቃደኞች ከጠየቋቸው መካከል ብዙ ሰው የሚጋራቸው እነሆ። መልሱ ከ2,500 እስከ 3,000 ሜትር ለሚደርስ ደጋ የሚሆን ነው። ወይና ደጋና ቆላ ያላችሁ ወራቱንም የዛፉንም ዓይነት ለአካባቢያችሁ እንዲስማማ አድርጋችሁ ቀይሩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ ሰፈር በየክረምቱ ይተከላል፤ ግንቦት ላይ ሄደን ስናይ ግን ግማሹ የለም። ምኑ ነው የጎደለን?

መልስ፦ ከመገመታችሁ በፊት የደረቀውን ንቀሉና ሥሩን እዩት። ችግኙ የፈላበትን ላስቲክ ቅርጽ እንደያዘ ተጠምጥሞ ከቀረ፣ ወይ ላስቲኩ ሳይወልቅ ተተክሏል፣ ወይ ከታች የተጠማዘዘው ሥር አልተቆረጠም። ጠቁሮ የሚሸት ከሆነ ጉድጓዱ ውሃ ቋጥሮ አፍኖታል፤ ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ይህ የተለመደ ነው። ሥሩ ጤነኛ ሆኖ ጫፉ ከተቀነጠበ ከብት ወይም ፍየል ገብቷል። ልጡ ከመሬቱ ጥግ ዙሪያውን ከተላጠ አይጥ ነው፤ ጉዝጓዙ ግንዱን እስኪነካ ስለሚከመር አይጧ እዚያ ተደብቃ ትበላዋለች። ሥሩም ልጡም ደህና ሆኖ እንዲሁ ቆሞ ከደረቀ ግን የተተከለው ዘግይቶ ነው።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚብሰው ይኸው መዘግየት ነው። የተከላ ቀን የሚቆረጠው የክብር እንግዳው ሲመቸው እንጂ አፈሩ ሲርስ አይደለም። ጉድጓዱ ክረምቱ ሳይገባ በፊት 40 በ40፣ ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቆፈር፤ የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥ። ዝናቡ መሬቱን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲያርሰው ትከሉ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ይህ ብዙውን ጊዜ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ ወዲያ የተተከለ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል።

ሲተከል ችግኙን በግንዱ አታንጠልጥሉት፤ ከላስቲኩ ሥር ደግፋችሁ ያዙት። ታችኛውን አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከነአፈሩ በምላጭ ቁረጡ፤ የተጠማዘዘው ሥር አብሮ ይወገዳል። ከዚያ ላስቲኩን በጎን ሰንጥቃችሁ አፈሩ ሳይፈርስ አውልቁት። ጉድጓዱ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው ጥቁሩ አፈር ነው። የችግኙ አንገት፣ ማለትም ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት፣ ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ከፍ ካለ ሥሩ ይራቆታል። በተረከዝ ቀስ አድርጋችሁ ርገጡት። ማታ ላይ ላስቲኩን ቁጠሩ፦ መቶ ችግኝ ወጥቶ ዘጠና ላስቲክ ብቻ ከተመለሰ፣ የቀረው አሥሩ ያለው መሬት ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ከተተከለ በኋላ መቼ መቼ እንምጣ?

መልስ፦ ቢያንስ ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው መስከረም መጨረሻ ነው። ሣሩ በዚያን ጊዜ ከችግኙ ይበልጣል፤ ዙሪያውን ግማሽ ሜትር ያህል ኮትኩቱና ያጨዳችሁትን ሣር መልሳችሁ ጎዝጉዙት፤ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ከግንዱ አንድ ጋት ራቁ፤ አይጧን አትርሱ።

ሁለተኛው ኅዳር ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚተኛ የሚጎዳው ጉድባው ውስጥ ያለው ችግኝ ነው። ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ሰክታችሁ ሣር ጣል ብታደርጉበት ያተርፈዋል።

ሦስተኛው ከጥር እስከ የካቲት ያለው የውሃ ጊዜ ነው። ለአንድ ችግኝ በሁለት ሳምንት አንዴ 10 ሊትር፣ ቀስ ተብሎ፣ ዙሪያው በተሠራ ገበቴ ውስጥ ይፈስስ። በየቀኑ አንድ ኩባያ ማጠጣት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። እስቲ አስሉት፦ 200 ችግኝ በአንድ ዙር 2,000 ሊትር ይፈልጋል፣ ይህም 100 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ያውም ዳገት። ስንት እንትከል ለሚለው ጥያቄ የኔ መልስ እዚህ ላይ ነው፤ የካቲት ላይ ልታጠጡት የምትችሉትን ያህል ብቻ።

ጥያቄ፦ እንጦጦን ያደረቀው ባህር ዛፍ ነው ይባላል። ለምን በአንድ ዘመቻ ቆርጠን አገር በቀል አንተክልበትም?

መልስ፦ ባህር ዛፍ የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው፤ አዲስ አበባ የአካባቢውን ጫካ ለማገዶና ለቤት ጨርሳ እንጨት ሲቸግራት ደረሰላት። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩም ብዙ ነገር እንዳይበቅል ያስቸግራል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዳገት ላይ በአንዴ ከተመነጠረ የመጀመሪያው ክረምት አፈሩን ይዞት ይወርዳል። ከዚያም ጉቶው ያቆጠቁጥና በዓመቱ ከአንድ ግንድ ፋንታ አምስት ስድስት ታገኛላችሁ።

የሚሻለው በየቦታው ክፍተት መክፈት ነው፤ የክፍተቱ ስፋት ከአንድ ዛፍ ቁመት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከመቆረጡ በፊት በጎ ፈቃደኞች ሥራ አላቸው፦ ከባህር ዛፉ ሥር ወፍ ዘርታው የበቀለ ወይራ፣ አጋም ወይም ጽድ እየፈለጉ በእንጨት ምልክት ማድረግ። በመናገሻ ሱባ ጫካ ሰው በተከለው ደን ሥር አገር በቀል ዛፎች በራሳቸው መብቀላቸው በጥናት ታይቷል፤ እንጦጦም ላይ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው አለ። ራሱ የበቀለ ችግኝ ማንም ከሚተክለው ይጠነክራል። እሱን ረግጦ ጉድጓድ የሚቆፍር ቡድን ግን ሞልቷል።

መቁረጡ የእንጦጦ ፓርክ ባለሙያዎች ሥራ ነው፤ ለእናንተ የሚቀረው ጉቶው ነው። እስከ መሬት ዝቅ ብሎ ከተቆረጠ በኋላ ዙሪያውን አፈሩን ገለጥ አድርጉና ልጡን እስከ ታች ላጡት፤ አዲሱ ቅርንጫፍ የሚፈልቀው ከልጡ ሥር ካለ እንቡጥ ነው። ያቆጠቆጠውን 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ከሥሩ ገንጥሉት፤ በማጭድ ከቆረጣችሁት ይብስበታል። በየአምስት ሳምንቱ ከተደጋገመ ጉቶው ያጠራቀመውን ጉልበት ይጨርሳል። ይህ የአንድ ክረምት ሥራ አይደለም፤ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። መድኃኒት መርጨት ለሠለጠነ ሰው ይተው።

ጥያቄ፦ ግቢያችን አጠገብ ያለው ትልቅ ጽድ አንድም ቀን አፍርቶ አያውቅም። ታሟል?

መልስ፦ ወንድ ነው። ጽድ፣ ኮሶና ዝግባ ወንዱና ሴቷ በየራሳቸው ዛፍ ላይ ናቸው። ኮሶን በአበባዋ ትለያላችሁ፤ ቀላ ያለችው ሴቷ ናት።

ጥያቄ፦ ዘር ራሳችን ሰብስበን ማፍላት እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ መጀመሪያ ከፓርኩ ፈቃድ፤ በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ያሉ ባለሙያዎችም ጥሩ አማካሪዎች ናቸው። ከአንድ ዛፍ ብቻ አትልቀሙ፤ ቢያንስ ከአሥር፣ እርስ በርሳቸው 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ከተራራቁ ዛፎች ይሁን፤ አለዚያ ጫካው በሙሉ ወንድማማች ይሆንና በሽታ ሲመጣ አብሮ ይወድቃል። የጽድ ፍሬ ሰማያዊ ሆኖ ሲጠቁር ይለቀማል፤ ታሽቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚንሳፈፈው ዘር ባዶ ነው፣ ጣሉት። ወይራ ድንጋይ የመሰለ ሽፋን ስላለው ሹል ጫፉን በጉጠት ቆንጠር አድርጉለት፣ ውስጡን ግን እንዳትነኩ። ጥቁር እንጨት ፀሐይ ላይ መስጣት አይቻልም፤ ዘሩ ከደረቀ ይሞታል፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መዘራት አለበት። የኮሶ ዘር ደቃቅ ስለሆነ በጥልቀት ከተቀበረ አይወጣም፤ ቀጭን አፈር ነስነስ ይበቃዋል።

ሲተከሉም ጽድና ኮሶ ብርሃን ይወዳሉ፤ ክፍተቱ መሃል አስገቧቸው። ዝግባ ጥላ ስለሚችል ከዛፍ ሥር፣ ዝቅ ባለው እርጥብ ሸለቆ ይሁን። ዘር ከሩቅ ማምጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ የመናገሻ ጽድ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ልብ በሉ፣ ወፍ ዋሻም ደጋ ነው።

ጥያቄ፦ ቅጠል የሚጠርጉና እንጨት የሚሸከሙ እናቶች የጎዘጎዝነውን ሳይቀር ይወስዱታል። እንከልክላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ በጎ ፈቃደኛ ሸክም አይቀማም፣ ሥልጣኑም የለውም። እነዚህ እናቶች ከእናንተ በፊት ጫካውን የሚያውቁ ናቸው፤ የማን ፍየል የት እንደገባ፣ እሳት የት እንደጨሰ የምትሰሙት ከእነሱ ነው። ሰላም በሉና ቦታ ለዩ። የደረቀ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍና መንገድ ዳር የተከመረ ቅጠል ቢወሰድ፣ ፓርኩ እስከ ፈቀደ ድረስ፣ በበጋ እሳት ለመከላከልም ይጠቅማል። የማይነካው ዳገቱ ላይ ያለው ቅጠልና የችግኙ ዙሪያ ነው፤ ቅጠሉ ከተጠረገ የዝናቡ ጠብታ ባዶ አፈር ላይ ያርፍና ጎርፉ ይጀምራል። ጉዝጓዙ እንዳይወሰድ ከፈለጋችሁ ለማገዶ የማይሆን እርጥብ ሣር ተጠቀሙ። ክርክሩ ያኔ ያበቃል።

ጥያቄ፦ የእግር መንገዳችን በክረምት ወንዝ ሆኗል። ጠጠር ብናፈስስበትስ?

መልስ፦ ጠጠሩን ጎርፉ ይወስደዋል። ችግሩ መንገዱ በመረገጥ ብዛት ከግራና ቀኙ ዝቅ ብሎ ቦይ መሆኑ ነው፤ ውሃው መውጫ ስጡት። መንገዱን አቋርጦ ግንድ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አጋድማችሁ ቅበሩ፤ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ቁልቁለቱ ጎን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ይዘንበል። ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ ይግባ፣ ጫፎቹ ከመንገዱ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ይለፉ። ገደል ሲሆን በየ10 ሜትሩ፣ ለጥ ሲል አራርቁት። በብዛት የሚበላሸው ግንዱ ሳይሆን መውጫው ነው፤ ደለል ይሞላውና ውሃው በላዩ ይዘልላል። ሰኔ ላይ አንዴ፣ ሐምሌ መጨረሻ አንዴ በአካፋ ጥረጉት።

አቋራጭ የሚሠሩትን ደግሞ በማስታወቂያ አታቆሟቸውም። የአቋራጩን ሁለቱንም አፍ፣ ከዋናው መንገድ እስከማይታይ ድረስ፣ በእሾሃማ ቀጋ ዝጉት።

ጥያቄ፦ እንግዳ ይዞ ለመዞር ስንት ሰው ይበቃል? ምንስ እንያዝ?

መልስ፦ ለአንድ አስጎብኚ አሥር ሰው፤ ከኋላ የሚመጣ ሁለተኛ ሰው የግድ ነው። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር ትናንት የገባ እንግዳ 3,000 ሜትር ላይ ቶሎ ይደክመዋል፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ሆን ብላችሁ አዝግሙ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘውን አታበረታቱት፤ ወደ ታች አውርዱት። ለሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር ያዙ። ሳማ የነካው ሰው አይከክ፤ በውሃ ይታጠብና የሳማውን ፀጉር በፕላስተር እየለጠፈ ይንቀለው። ሐምሌና ነሐሴ ከቀትር በኋላ መብረቅ ስላለ ጉብኝቱን ከጠዋቱ 5 ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከጫፉ ውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍም ራቁ።

ሌላው፣ ጎብኚ ማለት ካሜራ የያዘ ብቻ አይደለም። ንጋት ላይ የሚሮጡት አትሌቶች፣ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ወደ ጸበል የሚያልፉት፣ ለእንጦጦ ማርያምና ለራጉኤል የሚሳለሙት ሁሉ በዚያው መንገድ ነው የሚሄዱት። ቡድናችሁ መንገዱን ዘግቶ አይቁም፤ ለጸበልተኛ ፎቶ ሳይጠየቅ አይነሳ።

ጥያቄ፦ ልጆች ለጦጣ ብስኩት ቢሰጡ ምን አለበት?

መልስ፦ በሳምንቱ ቦርሳ መንጠቅ ትጀምራለች፣ በወሩ ትነክሳለች። የምግብ ትርፍ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ማታ ጅቡን ወደ መንገዱ የሚጠራው እሱ ነው፣ ጎህ ሳይቀድ የሚሮጠው ሰው ደግሞ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ እሳት ብናይ ራሳችን እናጥፋ ወይስ እንደውል?

መልስ፦ መጀመሪያ ለእሳት አደጋ መከላከያ 939 ደውሉ፤ ቦታውን በቅርቡ በር ወይም ቤተ ክርስቲያን ስም ንገሩ። ነበልባሉ ከጉልበት በታች ከሆነና መሸሻ መንገድ ካላችሁ፣ ከተቃጠለው ጥቁር መሬት በኩል ቆማችሁ ጎን ጎኑን በእርጥብ ቅርንጫፍ ደብድቡት። እሳት ዳገት ሲወጣ ስለሚፈጥን ከበላዩ ማንም አይቁም። የባህር ዛፍ ልጥ እየነደደ በነፋስ ስለሚበር ከጀርባችሁ አዲስ ጭስ እንዳይነሳ አንድ ሰው ይጠብቅ። ነበልባሉ ከጉልበት ካለፈ ውጡ።

መከላከል ከሚቻለው እሳት አንዱ ከቡና ከሰል የሚነሳው ነው። አመድ ማልበስ ማጥፋት አይደለም፤ ውስጡ እስከ ማታ ይቆያል። ውሃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ፣ የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀት ካለ ድገሙት።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነው የምኖረው፤ ሐምሌ ላይ ከልጆቼ ጋር እመጣለሁ። ከዚህ የዛፍ ዘር ይዤ ብመጣስ?

መልስ፦ ዘሩን ተወው ወንድሜ። ያለ ኳራንቲን ፈቃድ አይገባም፤ ቢገባም ነገ ሌላ የሚነቀል አረም ሊሆን ይችላል። በእጅ የሚያዝ ጥሩ የአትክልት መቀስና ለልጅም ለአዋቂም ልክ የሆነ ወፍራም ጓንት ይዘህ ና፤ እዚህ ጥሩው ውድ ነው። ልጆቹ ሐምሌ ላይ ይትከሉ፣ የተከሉበትን ረድፍ ቁጥር ጽፈህ ውሰድ፤ ከዚያ የካቲት ላይ ለዚያ ረድፍ የውሃ ተሸካሚ የቀን ክፍያ ላክ።