ጥያቄና መልስ፦ የደምቢያ ሜዳ ለምን ቀላ?

በዚህ ሳምንት ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አደጋ ሲደርስ ስለሚሠራጩ የሳተላይት ምስሎች ናቸው።

ጥያቄ፦ በመስከረም የተነሳ ምስል ላይ የደምቢያ ሜዳ ደም መስሎ አየሁ። ማሳችን ተቃጥሎ ነው? (ከቆላ ድባ)

መልስ፦ የለም፣ ቀዩ ለምለሙ ነው። ሳተላይቱ ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃንም ይመዘግባል። ጤናማ ቅጠል ይህን ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል፤ ባለሙያዎቹም ቀይ ቀለም ይሰጡታል። ውሃ ግን ስለሚውጠው ይጠቁራል፣ ደለል ከበዛበትም ወደ ሰማያዊ ያደላል። እርስዎን ሊያሳስብዎት የሚገባው በመገጭ ወንዝ ዳርና ዳር ቀይ መሆን ሲገባው የጠቆረው ማሳ ነው። ጣና ላይ የሚታየው ቀይ ምንጣፍ ደግሞ እምቦጭ ወይም ደንገል ሊሆን ይችላል። የተለያየ ቀን ምስሎችን ያስተያዩ፤ እምቦጭ ነፋስ እየነዳው ቦታ ይቀይራል፣ ደንገል ግን አብዛኛውን ጊዜ ካለበት አይነቃነቅም።

ጥያቄ፦ ርብ ሲሞላ የፎገራን ምስል ብፈልግ ያገኘሁት ደመና ብቻ ነው። (ከወረታ)

መልስ፦ የክረምት ነገር ይኸው ነው፤ ጎርፉም ደመናውም አብረው ይመጣሉ። የሚያዋጣው ራዳር ነው። እንደ ሴንቲኔል 1 ያሉ ሳተላይቶች የራሳቸውን ሞገድ ልከው የሚመለሰውን ይለካሉ፤ ደመናም ሌሊትም አያግዳቸውም። የረጋ ውሃ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትተው በምስሉ ላይ ይጠቁራል። ፎገራ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ ውሃ ያቆረ የሩዝ ማሳም እንዲሁ ይጠቁራል። ከጎርፉ በፊት የተነሳ ምስል ካልተገኘ ገበሬው የፈለገውን ውሃ ከመጣበት መዓት መለየት አይቻልም።

ጥያቄ፦ በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ምን ያህሉ እንደነደደ በጢሱ ውስጥ ይታያል? (ከደባርቅ)

መልስ፦ ጢሱ ስስ ከሆነ አዎ። አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ የሚባለው ብርሃን አልፎት ይሄዳል። በዚህ ዓይነቱ ምስል ግን ለምለሙ አረንጓዴ፣ የተቃጠለው ቡናማ ቀይ ነው፤ ለቆላ ድባው ጠያቂ ከነገርኩት ተቃራኒ ማለት ነው። ቀለሙ ምን እንደሚወክል ሳይጻፍበት፣ ቀኑም ሳይጠቀስ ምስል የሚያሠራጩ ሰዎች ያናድዱኛል።

ጥያቄ፦ ምስሎቹ ይገዛሉ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ምስሎችም የሴንቲኔልም በነፃ ይገኛሉ፤ የላንድሳት ክምችት እስከ እ.ኤ.አ. 1972 ድረስ ወደኋላ ይሄዳል። የጎረቤትዎን አጥር ለማየት ካሰቡ ግን ይተውት፤ በላንድሳት 8 የቀለም ምስል አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት።