«ቤቱ ይፈርሳል፣ እናንተ ግን ትመለሳላችሁ»፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ ለንደን ውስጥ ፈርሰው በአዲስ ስለሚሠሩ የካውንስል ኢስቴቶች፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር የሚያከራያቸው የመኖሪያ ሠፈሮች። «ሪጀነሬሽን» የሚለውን ቃል እናቶቻችን ሳይቀሩ ለምደውታል። ትርጉሙ ግን እንደየቤቱ ነው፤ ለአንዱ አዲስ ኩሽና፣ ለሌላው መበተን። እኔም ከሚፈርስ ኢስቴት የወጣሁ ስለሆንኩ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም። የምመልሰው የእንግሊዝን ሕግ ይዤ ነው፤ ዌልስና ስኮትላንድ ያላችሁ ደንባችሁ ይለያል። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ የፈረንጅ ነው።

«ድምፅ ስጡ የሚል ወረቀት መጣ። የቤቱ ውል በባለቤቴ ስም ብቻ ነው። እኔና የ17 ዓመት ልጃችን መምረጥ እንችላለን?» (የሁለት ልጆች እናት)

እህቴ፣ ውሉ ላይ ስምሽ ከሌለ በተከራይነት አትመርጪም። ግን ሌላ በር አለ። መኖሪያሽ እዚያው ኢስቴት ከሆነና በካውንስሉ የቤት ፈላጊዎች መዝገብ ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት ከቆየሽ ድምፅ አለሽ። ከ16 ዓመት ጀምሮ ስለሚመረጥ፣ ልጅሽም ካውንስሉ መዝግቦት ከሆነ በዚሁ በር ይገባል። ዓመቱ የሚቆጠረው «ላንድሎርድ ኦፈር» የሚሉት፣ አከራዩ ለነዋሪው የሚያቀርበውን ዕቅድ የያዘ ሰነድ ከወጣበት ቀን ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ የኢስቴታችሁ ጉዳይ ገና ወሬ የሆነባችሁ ሰዎች ለመመዝገብ አትዘግዩ። የእኛ ቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ በውል አስገብቶ አምስት ሆኖ መኖር ልማዱ ነው፤ በምርጫው ቀን አምስቱ አንድ ድምፅ ይሆናሉ።

ይህ ምርጫ ከሐምሌ 2018 ወዲህ የመጣ ነው። ከለንደን ከንቲባ ገንዘብ የሚወስድ፣ ነባር ቤት የሚያፈርስና 150 ወይም ከዚያ በላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ፕሮጀክት፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልገጠሙ በቀር፣ ነዋሪውን ማስመረጥ አለበት። ከመረጡት ሰዎች የሚበዙት «አዎ» ካሉ አለቀ። ቢያንስ ይህን ያህል ሰው ይምረጥ የሚል ቁጥር ስለሌለ፣ አኩርፎ ቤት መዋል «አይሆንም» ማለት አይደለም።

ሰነዱን አንብቢ፣ እንግሊዝኛው ከከበደሽም አስተርጓሚ ጠይቂ። በአዳራሹ ስብሰባ ሻይና ብስኩት አለ፣ ግድግዳው ላይ ዛፍ ሥር የሚስቁ ሰዎች ሥዕል አለ፣ ካርቶን ላይ የተሠሩ ትንንሽ ፎቆች አሉ። ለእኔ አንድ መልካም ወጣት «እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ትመለሻለሽ» ብሎኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ስጠይቅ ልጁ ሥራ ለቋል፣ የነገረኝንም የጻፈው የለም። ከዚያ ወዲህ በቃል የተነገረኝን ሁሉ ማታውኑ «ዛሬ እንዲህ ብለውኛል፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ» ብዬ በኢሜይል እልካለሁ።

«ልጄ፣ 71 ዓመቴ ነው፣ በዚህ ቤት 26 ዓመት ኖሬያለሁ። ለሚነሣ ሰው ገንዘብ ይሰጣል ይላሉ። ጎረቤቴ ቀድመን ብንወጣ ይሻላል ትለኛለች።» (አባት)

አባባ፣ እባክዎ አይቸኩሉ። «ሆም ሎስ ፔይመንት» የሚባለው ክፍያ የሚገባው ቤቱ ሊፈርስ በመሆኑ ተገዶ ለሚነሣና በዚያ ቤት ቢያንስ አንድ ዓመት ለኖረ ሰው ነው። ሰዓቱ ሳይደርስ በራስዎ ፈቃድ ቤት ተለዋውጠው ወይም ሌላ አግኝተው ከወጡ፣ «እኛ አላስነሣንዎትም» ሊሉ ይችላሉ። መጀመሪያ ከመፍረሱ ጋር በተያያዘ እንደሚያዛውሩዎ የሚገልጽ ደብዳቤ ይያዙ፣ ከዚያ ይንቀሳቀሱ።

የተከራይ መጠኑ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ 8,100 ፓውንድ ተብሎ ነበር። አልፎ አልፎ ስለሚሻሻል በሚነሡበት ቀን ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ውዝፍ ኪራይ ካለብዎ ከዚህ ላይ ይቀንሱታል። ቤኔፊት የሚቀበሉ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ባንክ ከመግባቱ በፊት የቤኔፊት አማካሪ ያነጋግሩ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለተኛው ክፍያ «ዲስተርባንስ» ነው። የዕቃ መኪናው፣ የምድጃና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማገናኛው፣ ለአዲሱ መስኮት የማይሆነው መጋረጃ፣ ምንጣፉ፣ ደብዳቤ ማዞሪያው ሁሉ እዚህ ይገባል። ደረሰኙን ሁሉ ይያዙ፤ ዕቃ የጫነው የእህትዎ ልጅ ቢሆንም፣ ለከፈሉት ያስፈርሙ።

«አዲሱ ቤት አፎርደብል ነው ብለውናል። ታዲያ ምን ያስፈራል?» (ኤም.)

ቃሉ ያስፈራል። በእኛ ጆሮ «አፎርደብል» ማለት አቅም የማይጎዳ ማለት ነው። በቤቶች ቋንቋ ግን «አፎርደብል ሬንት» ከ2011 ወዲህ እስከ ገበያው ኪራይ 80 በመቶ የሚደርስ ኪራይ ነው። ዛሬ የምትከፍለው «ሶሻል ሬንት» ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ለመጠየቅ ሁለት ነገር ይበቃል፦ የምመለሰው በየትኛው ኪራይ ነው? ውሌስ ያው የካውንስል ሴኪውር ቴናንሲ (በቀላሉ የማያስወጡበት ውል) ነው ወይስ የሃውሲንግ አሶሲዬሽን (ካውንስል ያልሆነ አከራይ ድርጅት) ውል? መልሱን በጽሑፍ ያዝ። ሰርቪስ ቻርጁን (ለሕንፃው የጋራ አገልግሎት የሚከፈለውን) እና የማሞቂያውን ሒሳብም ጨምረህ ጠይቅ፤ በብዙ አዳዲስ ሕንፃዎች ማሞቂያው ከአንድ ማዕከል ስለሚመጣ አቅራቢ መቀየር አይቻልም።

ልጆችህ አድገው ከወጡ ደግሞ የመኝታ ክፍሉን ቁጥር አስብ። ጡረታ ዕድሜ ላልደረሰና የኪራይ ድጎማ ለሚቀበል ሰው፣ አንድ ትርፍ ክፍል ድጎማው ከሚሰላበት ኪራይ 14 በመቶ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ደግሞ 25 በመቶ ያስቆርጣል።

«የካውንስል ተከራይ ነኝ። ቤቱን ከመፍረሱ በፊት ቶሎ ልግዛው?»

አርፍደሃል። ካውንስሉ የማፍረሻ ማስታወቂያ ካወጣ ሽያጩን የመጨረስ ግዴታ የለበትም። ቤቱን ለሚገዛ ተከራይ የሚደረገው ከፍተኛው ቅናሽም ከኅዳር 2024 ጀምሮ በአብዛኛው ለንደን 16,000 ፓውንድ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት እስከ 136,400 ይደርስ ነበር።

«ቤታችንን በ2006 ከካውንስሉ ገዛን። አሁን 310,000 እንስጣችሁ ይላሉ። እዚያው የሚሠራው ባለ ሁለት መኝታ 560,000 ነው ተባለ። ልዩነቱን ከየት እናምጣ?» (ባልና ሚስት)

የሰው ሁሉ ዓይን ተከራዩ ላይ ነው፤ ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግን እንደ እናንተ ቤቱን በረጅም ዘመን ውል የገዛውን ሊዝሆልደር ነው። አሥራ ስምንትና ሃያ ዓመት በሌሊት ሺፍትና በታክሲ የተከፈለ ቤት፣ «አሮጌ ኢስቴት ነው» ተብሎ ይተመናል። አዲሱ ደግሞ በአዲስ ዋጋ ይሸጣል።

ያ 310,000 የመጨረሻ ዋጋ አይደለም። የራሳችሁን ገማች ቅጠሩ፤ ተገቢው ክፍያው ከካሣው ጋር በካውንስሉ የሚሸፈን ነው፣ ግን ከመቅጠራችሁ በፊት እስከ ስንት እንደሚሸፍኑ በጽሑፍ አስይዙ። ቤቱ የምትኖሩበት ከሆነ በገበያው ዋጋ ላይ 10 በመቶ ሆም ሎስ ይጨመራል፤ በ310,000 ሒሳብ 31,000 መሆኑ ነው። የጠበቃው፣ የሞርጌጁና በምትገዙት ቤት ላይ የሚመጣው ስታምፕ ዲዩቲም (የቤት ግዢ ግብር) በካሣው ይጠየቃል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ 560,000 አይሞላም። ስለዚህ «ሼርድ ኢኩቲ» ይሏችኋል፦ እናንተ ያላችሁን ታስገባላችሁ፣ ቀሪው ድርሻ የካውንስሉ ይሆናል፣ በዚያ ድርሻ ላይ ኪራይ አትከፍሉም። «ሼርድ ኦውነርሺፕ» ካሏችሁ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ በእነርሱ ድርሻ ላይ ኪራይ አለ። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ እኛ ስናልፍ ልጆቻችን ስምምነቱን ይወርሳሉ ወይስ ቤቱ ተሽጦ ድርሻቸውን ይወስዳሉ?

ካልተስማማችሁ ካውንስሉ የግዴታ ግዢ ትዕዛዝ ሊያወጣ ይችላል። ያ ግን በመንግሥት መጽደቅ አለበት፣ ተቃውሞም ይሰማበታል። በሳውዝዋርክ የኤልስበሪ ኢስቴት ቶኒ ብሌር በ1997 ጠቅላይ ሚኒስትር በሆነ ሰሞን ሄዶ የተናገረበት ቦታ ነው። በመስከረም 2016 የያኔው የቤቶችና የአካባቢ አስተዳደር ሚኒስትር ሳጂድ ጃቪድ የዚያን ኢስቴት የግዢ ትዕዛዝ አላጸድቅም አለ። ባለቤቶቹ አካባቢው ላይ ለመቆየት ቁጠባቸውን ማፍሰስ እንደሚኖርባቸው፣ ካልሆነም ከዘመድና ከባህል ትስስራቸው እንደሚነቀሉ ውሳኔው ላይ ተጽፏል። በሚቀጥለው ዓመት ውሳኔው ቢሻርም፣ የጥቂት ባለቤቶች ተቃውሞ አንድ ትልቅ ካውንስል እንደገና እንዲያስብ አድርጓል። እናንተም ብቻችሁን አትደራደሩ። በየፎቁ ያሉትን ሊዝሆልደሮች ሰብስቡ።

«ካውንስሉ በጊዜያዊነት ያስቀመጠኝ እዚሁ የሚፈርስ ኢስቴት ውስጥ ነው። ጥገኝነት ካገኘሁ ሦስት ዓመቴ ነው። እኔስ?» (ከሰሜን ለንደን)

ወንድሜ፣ ሆም ሎሱ ብዙውን ጊዜ አንተን አይመለከትም፣ ወደ አዲሱ ሕንፃ የመመለስ መብቱም እንዲሁ። ካውንስሉ በቤት አልባነት የተቀበለህ ከሆነ ግን ያ ግዴታው ከሕንፃው ጋር አብሮ አይፈርስም፤ ሌላ ቦታ ሊሰጥህ ይገባል። የሚሰጥህ ቦታ ከሥራህ ወይም ከልጆችህ ትምህርት ቤት በጣም ከራቀ፣ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ለማመልከት ቀኑ አጭር ስለሆነ ወዲያው የሕግ ምክር ያዝ። ቤት ፈላጊዎች መዝገብ ላይ ዓመት ከቆየህ ደግሞ፣ ከላይ እንዳልኩት፣ ትመርጣለህ።

«ከአምስት ጎረቤቶቼ ጋር ቡና ስንጠጣ 20 ዓመታችን። እህቴ ከካዛንቺስ ተነሥታ ገላን ጉራ ስትገባ ጎረቤቷን እንዲህ አጣች፤ አሁን እኔም ልሆን ነው። አብራችሁ አዛውሩን ማለት ይቻላል? አዲሱ ቤት ቡና መቁላት ይከለክላል የሚባለውስ እውነት ነው?» (ወ/ሮ ኤ.)

መጠየቅ ይቻላል፣ ግን ቤት መደልደል ሳይጀመር መሆን አለበት። አምስታችሁም የፈረማችሁበት አንድ ደብዳቤ፣ የቤት ቁጥራችሁንና የምትፈልጉትን መኝታ ክፍል የያዘ፣ አሁኑኑ ይግባ። አብሮ ይጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፦ የምንዛወረው አንዴ ነው ወይስ ሁለቴ? መጀመሪያ ባዶ ቦታ ላይ አዲሱ ተሠርቶ ከአሮጌው በቀጥታ የሚገቡበት አሠራር አለ። ሌላው ደግሞ ሁሉንም አስወጥቶ፣ አፍርሶ፣ ሠርቶ «ተመለሱ» የሚለው ነው። በዚህኛው ዓመታት ሲያልፉ ልጅ ትምህርት ቤት ይለምዳል፣ ሰውም ይደክመዋል፣ የመመለስ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የነበረው ሄጌት ኢስቴት በ1974 ያለቀ፣ ከ1,000 በላይ ቤት የነበረው ሠፈር ነበር። ነዋሪው ተበትኖ ከ2011 እስከ 2014 ፈረሰ። በምትኩ ከታቀዱት 2,535 ቤቶች መጀመሪያ ለሶሻል ሬንት የተያዙት 82 ነበሩ። ስለዚህ ምርጫም ሆነ ስብሰባ ሲኖር መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁጥር ይህ ነው፦ ዛሬ በሶሻል ሬንት ስንት አለን፣ ነገስ ስንት?

የእኔ ጎረቤቶች አራት ነበሩ። አንዷ ክሮይደን ገባች፣ ሁለቱ ወደ ምሥራቅ ሄዱ፣ አንዱ ልጁ ጋ በርሚንግሃም። በዓል ሲመጣ በስልክ እንገናኛለን። ከሦስት አውቶቡስ በኋላ የሚጠጣ ቡና ጀበናው ሳይጣድ ይደክማል።

ቡና መቁላት የሚከለክል ሕግ የለም። ችግሩ አሠራሩ ነው፤ አዲሶቹ ቤቶች ኩሽናና ሳሎኑ አንድ ላይ ነው፣ የጢስ ደወሉ ከራስ በላይ ነው፣ ዕጣን ሳይቀር ያስጮኸዋል። የተዘጋ ኩሽና ማግኘት የሚቻለው ግን በዲዛይኑ ጊዜ በመጠየቅ ነው። የእኛ የዲዛይን ስብሰባ ማክሰኞ ማታ ነበር፣ ዝናብም ነበር፣ አልሄድኩም። አሁን ቡና የምቆላው በክረምት መስኮት ከፍቼ፣ ልጄ ደወሉ ሥር ቆማ ጢሱን በፎጣ እያራገበችልኝ ነው።