ከወተታሟ ወይስ ቶሎ ከምትይዘው ላም ጥጃ ላስቀር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከቡሬ ነው። ሁለት ክልስ ላሞች አሉኝ። አንደኛዋ በቀን 12 ሊትር ትታለባለች፤ ነገር ግን ሦስት ጊዜ ተዳቅላ አልያዘችም። ሁለተኛዋ 7 ሊትር እየሰጠች በየዓመቱ ትወልዳለች። ሁለቱም ሴት ጥጃ አሏቸው፤ ለማሳደግ አቅሜ የሚፈቅደው ግን አንዷን ብቻ ነው። ቶሎ መያዝ በዘር ይወረሳልን? የትኛዋንስ ላስቀር?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ይወረሳል፤ ሆኖም ከወተት እጅግ ባነሰ መጠን ነው። በላሞች መካከል ከሚታየው የወተት ልዩነት ውስጥ ከ100 እጅ ከ25 እስከ 35 የሚሆነው ከዘር ሲመጣ፣ ቶሎ በመያዝ ረገድ የዘር ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እጅ አይበልጥም። የቀረው የመኖ፣ የጤና፣ የክትትልና የአዳቃዩ እጅ ነው።

ድርሻው ማነሱ ግን ቸል ያሰኛል ማለት አይደለም። ለብዙ ወተት የሚመረጥ ዘር ቀስ በቀስ ለመያዝ እየዘገየ ይሄዳልና፣ ሆልስታይን የተባለችውን የወተት ላም ዝርያ ለአሥርተ ዓመታት በወተቷ ብቻ የመረጡ አገሮች ዋጋ ከፍለውበታል። ኖርዌይ የመያዝን ነገር በቀይ ላሟ ምርጫ ውስጥ ያስገባችው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሲሆን፣ አሜሪካ የኮርማ ልጆችን የመያዝ አቅም በይፋ መመዘን የጀመረችው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው። ይህ ምርጫ የሚካሄደው በኮርማው በኩል ነው፤ የዘሩ ድርሻ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ የአንድን ኮርማ ልጆች የመያዝ አቅም በግማሽ እርግጠኝነት ለመናገር እንኳ ወደ 100 የሚጠጉ ሴት ልጆቹ መመዝገብ አለባቸው። በገበያችን «እናቷ ስንት ትታለባለች?» እንጂ «በስንት ጊዜዋ ትወልዳለች? አባቷስ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አለመሆኑ ያሳስበኛል። የኮርማው ቁጥር የዘር ፈሳሹ በሚመጣበት ቀጭን ቱቦ ላይ ተጽፎ ይገኛልና፣ አዳቃዩ ቱቦውን ከመጣሉ በፊት እንዲያነብልዎ ይጠይቁትና ከቀኑ ጋር በደብተር ይያዙት። ጥጃዋ ስታድግ ከገዛ አባቷ ዳግም እንዳትዳቀል የሚጠብቃትም ያው ደብተር ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ሁለቱ ጥጆች ከአንድ ኮርማ የተወለዱ ከሆነ የሁለተኛዋን ልጅ እንዲያስቀሩ እመክራለሁ። ምክንያቴ ቶሎ መያዝን ከእናቷ ትወርሳለች የሚል አይደለም። 12 ሊትር የምትታለብ ላም የኑግ ፋጉሎና ፉርሽቃ በበቂ ካላገኘች ከገላዋ እየቀነሰች ትታለባለች፤ ከስታ ሳለችም አትይዝም። ያላስያዛት ይህ ከሆነ፣ ወተቷን የምትወርሰው ልጇም በዚያው በረት ያንኑ ትደግመዋለች። መኖውን ከቻሉት ግን የወተታሟን ልጅ ይያዙ።

ያልያዘችውን ወተታም ላም ደግሞ በየ21 ቀኑ አካባቢ ጠዋትና ማታ ይመልከቷት። ሌላ ላም ስትወጣባት ጸንታ ከቆመች፣ ከብልቷም እንደ እንቁላል ነጭ ጠርቶ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ከወረደ ጊዜው ደርሷል፤ ጠዋት ያዩትን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ያዩትን በማግስቱ ጠዋት ያስዳቅሉ። ፈሳሹ ደፍርሶ መግል ከመሰለ ግን ከማዳቀሉ በፊት ማሕፀኗን የእንስሳት ሐኪም ይይላት።