ቦልዛኖ ለሚሄድ ሰው ጀርመንኛ ወይስ ጣልያንኛ?

እህቴ፣ «ወንድሜ ቦልዛኖ አካባቢ ሥራ አገኘ፤ አገሩ ጣልያን ነው፣ ሰዉ ግን ጀርመንኛ ነው የሚናገረው አሉኝ፤ የቱን ይማር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚያ ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርሽ። በቅድሚያ ግን የሚሠራው ከተማው ውስጥ ይሁን ሸለቆዎቹ ውስጥ ጠይቂው። ሁሉም ነገር በዚያ ይወሰናል።

ቦልዛኖ ዋና ከተማው የሆነችው ደቡብ ታይሮል፣ ጣልያኖቹ አልቶ አዲጄ የሚሉት፣ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት የኦስትሪያ ነበር። በ1919 (እ.ኤ.አ.) በተፈረመው ውል ለጣልያን ተሰጠ። ሙሶሊኒ የጀርመንኛ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ቦልዛኖ ላይ ፋብሪካ ተክሎ ከሌላው የጣልያን ክፍል ሠራተኛ አመጣ። ዛሬም ከተማዋ በአብዛኛው ጣልያንኛ ተናጋሪ ናት፤ ዙሪያዋ ግን ጀርመንኛ ነው። በ2011 ቆጠራ በደቡብ ታይሮል በጠቅላላው ከመቶ 69 ጀርመንኛ፣ 26 ጣልያንኛ፣ ወደ 4.5 ላዲን (የአካባቢው የራሱ ትንሽ ቋንቋ) ሆኖ ተመዝግቧል።

ቫል ቬኖስታ ወይም ቫል ፑስተሪያ («ቫል» ሸለቆ ማለት ነው) ከሆነ ያለ ጀርመንኛ ይቸገራል። ኮርስ ላይ የሚማረው ጀርመንኛና የሆቴል ኩሽና ውስጥ የሚሰማው የመንደር ጀርመንኛ በጣም ይለያያሉ፤ ቢደናገር ተስፋ እንዳይቆርጥ። ቫል ጋርዴናና ቫል ባዲያ የላዲኖች ናቸው፤ እዚያ ሰዉ ሦስቱንም ይናገራል። ከቦልዛኖ ወደ ደቡብ፣ ላይቬስና ሳሎርኖ፣ ጣልያንኛ ይበዛል። ልብስም ያስብበት። ቦልዛኖ ከባሕር ጠለል 262 ሜትር ላይ በተራሮች መሃል ስላለች በጋዋ ያቃጥላል፤ ላይ መንደሮቹ ግን በክረምት በረዶ ይውጣቸዋል።

ቫል ፑስተሪያ ውስጥ ያለችው ብሩኒኮ ከተማ ከደረሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። በ1935 በተጀመረው ወረራ አገራችንን ከወጉት መካከል የሆነው፣ ማይጨው ላይም የተዋጋው፣ ፑስተሪያ የተባለው የጣልያን የተራራ ክፍለ ጦር ሐውልት ቆሞ የነበረው እዚያ ነው። ቅሪቱ አሁንም አለ። ሳያውቅ እንዲያልፈው አልፈልግም።

ስለ አስተዳደሩ፦ ትሬንቲኖ አልቶ አዲጄ የሚባል ሬጂዮን (ክልል) አለ፤ ትሬንቶና ቦልዛኖ የሚባሉ ሁለት ራስ ገዝ ፕሮቪንቻዎች (አውራጃዎች) አሉት። ከ1972 ወዲህ ዋናው ሥልጣን በፕሮቪንቻዎቹ እጅ ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም፣ የሚሰበሰበው ግብር አብዛኛውም የእነሱ ነው። በቦልዛኖ ፕሮቪንቻ ሥር 116 ኮሙኔዎች (ማዘጋጃ ቤቶች) አሉ፤ ሬዚደንሳ (የመኖሪያ አድራሻ) የሚያስመዘግበው በሚኖርበት ኮሙኔ ነው። ሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) ግን የሮማ መንግሥት ጉዳይ ስለሆነ ክዌስቱራ (የፖሊስ መምሪያ) ይሄዳል። በቢሮዎቹ በጀርመንኛም በጣልያንኛም መስተናገድ መብቱ ነው። የመንግሥት ሥራ ከፈለገ ግን የሁለቱንም ቋንቋ ፈተና ማለፍ አለበት። ልጆች ካሉት የጀርመንኛ ወይም የጣልያንኛ ትምህርት ቤት የሚመርጠው ወላጅ ነው፤ ሌላኛው ቋንቋ እንደ ሁለተኛ ይሰጣል።

ስለዚህ ከተማ ከሆነ በጣልያንኛ ይጀምር፣ ሸለቆ ከሆነ በጀርመንኛ። የኮሙኔውን ስም ጻፊልን፤ እዚያ የሚኖር ሰው ይኖር ይሆናል።